የመድኃኒት ዕፅዋት ድርቅን እንዲቋቋሙ የሚረዱ የአፈር ባክቴሪያዎች
ለዕርዳታና ለሰፈራ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የጎተራ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎች ነው። ስሙም የድርቅን ዘመን አሠራር ያስታውሳል። ዝናብ በቀረ ጊዜ ዕርዳታ የሚለካው በኩንታል ነው፤ ስንዴው፣ አልሚ ምግቡ፣ ዘይቱና ብርድ ልብሱ ተቆጥሮና ተመዝግቦ ይገባል፣ ተቆጥሮና ተመዝግቦ ይወጣል። ይህ አሠራር የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን ድርቅ ከገበሬው ቤት የሚወስደው እህልና ከብት ብቻ አይደለም። ከጓሮው ጤና አዳሙ፣ ዳማከሴውና በሶብላው፣ ከማሳው ጠርዝ አብሹና ጥቁር አዝሙዱ፣ ከአጥሩ ሥር እሬቱና ግዛዋው አብረው ይደርቃሉ። የእነዚህ መጥፋት በጉዳት መግለጫዎች ላይ ሲሠፍር እምብዛም አይታይም።

ይህ ትምህርት የሚመለከተው ይህንኑ የተዘነጋ ሀብት ነው። ዓላማውም በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የመድኃኒት ዕፅዋት ድርቅን እንዲቋቋሙ የሚረዱበትን መንገድ ማስረዳት፣ እርዳታቸው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም ማሳየት፣ በመጨረሻም በዕርዳታና በሰፈራ ጣቢያዎች ሊሠራ የሚችለውን ከማይሠራው ለይቶ ማመልከት ነው።

፩. ድርቅና የጓሮ መድኃኒት

በኢትዮጵያ ከሕዝቡ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በባህላዊ መድኃኒት እንደሚጠቀም በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። መጠኑ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ከጤና ጣቢያ ርቆ በሚኖር ገበሬ ቤት የመጀመሪያው መድኃኒት ከጓሮ የሚቀጠፈው ቅጠል መሆኑ የታወቀ ነው። ለምች ዳማከሴ ይታሻል፤ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ይጠጣል፤ ለአራስ ሴት ወተቷ እንዲበዛ አብሽ ይሰጣታል፤ ለቁስል የእሬት ፈሳሽ ይቀባል።

ድርቅ ሲመጣ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። በአንድ በኩል የምግብ እጥረትና የንጹሕ ውሃ መታጣት በሽታን ያበዛሉ፤ በሌላ በኩል በጓሮ ያለው መድኃኒት ይደርቃል። ሰውም ወደ ዱር ይወጣል። በዚያን ጊዜ ከዱር የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሥር ነው፤ ቅጠሉ ረግፎአልና። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅለው ቀበርቾ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ፣ ለዘር ሳይደርስ ተቆፍሮ ለገበያ የቀረበ ተክል ምትክ አይተውም። ስለዚህ የጓሮው መድረቅ የዱሩን መራቆት ያስከትላል።

ይህ ችግር አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያልፍ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎንና ትግራይን የመታው ድርቅ ሳይረሳ የ1977 ዓ.ም. ታላቅ ረሃብ ተከተለ። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት የደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለአስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ ዳርጎአል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ጊዜያት ደግሞ በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ቀርተዋል። በየጊዜው ተመላልሶ ለሚመጣ ጠላት የሚደረገው ዝግጅትም በየጊዜው የሚታደስና በሕዝቡ እጅ ያለ ሊሆን ይገባል።

ሰፈራ ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጎጃም መተከል እንዲሠፍሩ ተደርጎአል። ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው እንደተወሰዱና በአዲሱ ቦታ በበሽታ ብዙ ሕይወት እንደጠፋ ከዚያ ወዲህ በሰፊው ተጽፎአል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው መርሐ ግብርም በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎችን በፈቃዳቸው ለማስፈር ያቀደ ነበር። በእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አለ። ደጋ ያደገ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ የሚያውቃቸውን የመድኃኒት ዕፅዋት አያገኝም፤ የሚያገኛቸውንም አያውቃቸውም። ጠንቃቃ የሆነች እናት የአብሽና የጥቁር አዝሙድ ዘር በጨርቅ ቋጥራ ልትሄድ ትችላለች። ዘሩ የለመደውን አፈር፣ በአፈሩም ውስጥ ያሉትን ረዳቶች ግን ቋጥራ ልትሄድ አትችልም። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል።

፪. በሥር ዙሪያ ያለው ኑሮ

አፈር የደቀቀ ድንጋይ ብቻ አይደለም። በአንዲት የሻይ ማንኪያ ለም አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ቁጥራቸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚገመት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህም በብዛት የሚሰበሰቡት ከተክል ሥር አጠገብ ነው። ሎሬንዝ ሂልትነር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ለዚህ ሥርን ለሚያዋስን ቀጭን የአፈር ሽፋን የተለየ ስም ሰጥቶ ለጥናት በር ከፍቶአል።

ባክቴሪያዎቹ ወደ ሥር የሚሰበሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ተክሉ በቅጠሉ ከሚሠራው ስኳር የተወሰነውን በሥሩ በኩል ወደ አፈር ያፈሳል። ባክቴሪያዎቹ ይህን ይመገባሉ፤ በምላሹም ተክሉ በራሱ ሊያገኘው የማይችለውን ያቀርቡለታል። ግንኙነቱ የደቦን ሥራ ይመስላል። ጠላውን የጠመቀው ባለ ማሳ ሰው ይሰበስባል፤ የተሰበሰበውም ጠጥቶ ብቻ አይሄድም፣ አጭዶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በሥር ዙሪያ ከተሰበሰቡት ሁሉ የሚጠቅሙት ጥቂቶች ናቸው። አንዳንዶቹ በልተው ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹም በሽታ ያመጣሉ።

ከጠቃሚዎቹ በመጀመሪያ የታወቁት በጥራጥሬ ሥር ላይ ትናንሽ እብጠቶች ሠርተው የሚኖሩት ሪዞቢየም የተባሉት ናቸው። ጀርመናውያኑ ሄልሪገልና ቪልፋርት እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 ባደረጉት ጥናት ጥራጥሬ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው በእነዚህ እብጠቶች አማካይነት መሆኑን አረጋገጡ። የኔዘርላንዱ ተወላጅ ቤየሪንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። የኢትዮጵያ ገበሬ ምክንያቱን በዚህ ስም ባያውቀውም፣ ስንዴ የሰለቸውን መሬት ባቄላ ወይም አተር ዘርቶበት እንደሚያሳርፈው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል።

ከሪዞቢየም ሌላ፣ እብጠት ሳይሠሩ በሥር ላይና በሥር አካባቢ እየኖሩ ተክልን የሚያፋፉ ባክቴሪያዎች አሉ። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ ባሲለስ፣ ሱዶሞናስና አዞስፒሪለም የተባሉት ወገኖች ናቸው። ክሎፐርና ሽሮት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ለእነዚህ ዕድገት አፋጣኝ የሥር ባክቴሪያዎች የሚል የወል ስያሜ ሰጥተዋቸዋል። እነዚህ ከጥራጥሬ ውጭ ከሆኑት ከጤና አዳም፣ ከበሶብላ ወይም ከጥቁር አዝሙድ ዓይነት ዕፅዋት ጋርም ሊኖሩ ስለሚችሉ ለመድኃኒት ዕፅዋት የሚሰጠው ተስፋ በአብዛኛው የተመሠረተው በእነርሱ ላይ ነው።

፫. ባክቴሪያ በድርቅ ጊዜ የሚረዳባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሥርን ማስረዘምና ማብዛት ነው። ብዙዎቹ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ኦክሲን የተባለውን የዕድገት ቅመም ያመነጫሉ። በዚህም የተክሉ ሥር ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ጸጉር መሰል የሆኑት ጥቃቅን ሥሮችም ይበረክታሉ። የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብዙ ሥር ያለው ተክል ከጥልቅ የቀረውን ርጥበት ፈልጎ ያገኛል።

ሁለተኛው መንገድ ተክሉ በራሱ ላይ የሚያውጀውን የጭንቀት አዋጅ ማለዘብ ነው። ተክል ውሃ ሲጠማው ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ ያበዛል። ይህ ጋዝ ተሸፍኖ የተቀመጠ ሙዝ የሚያበስለው ራሱ ነው። ሲበዛ ሥር ማደጉን ያቆማል፣ ቅጠልም ይረግፋል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው በርናርድ ግሊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳስረዱት፣ አንዳንድ የሥር ባክቴሪያዎች ኤቲሊን የሚሠራበትን ኤ.ሲ.ሲ. የተባለ ንጥረ ነገር ከተክሉ ወስደው ይመገቡታል። ጥሬ ዕቃው ሲያንስ ጋዙም ያንሳል፤ ተክሉም ያለ ጊዜው ዕድገቱን ከማቆም ይድናል።

ሦስተኛው መንገድ ውሃን በአፈር ውስጥ ማቆየት ነው። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸውን ከድርቀት ለመከላከል ሙጫ መሰል ዝልግልግ ነገር ያወጣሉ። ተልባ ወይም አብሽ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ዝልግልግ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዝልግልጉ የአፈር ቅንጣቶችን አያይዞ በሥሩ ዙሪያ ጃኬት ያለብሳል፤ ውሃውንም ቶሎ እንዳይለቅ ይዞ ያቆየዋል።

አራተኛው መንገድ ተክሉ አስቀድሞ ጠንክሮ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ አፈሮች ፎስፎረስ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተቆራኝቶ ስለሚገኝ ለተክል አይደርስም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ ይህን ያላቅቁታል። ከዚህም ሌላ ተክሉ ሕዋሳቱ ውሃ ይዘው እንዲቆዩ የሚያደርጉትን እንደ ፕሮሊን ያሉ ንጥረ ነገሮች እንዲያበዛና የቅጠሉን ቀዳዳዎች በጊዜው እንዲዘጋ የሚያግዙ አሉ። ድርቅ ሲደርስ ጠግቦ ያደገ ተክል ተርቦ ካደገው ይልቅ እንደሚቆይ ግልጽ ነው።

፬. ጥናቱ ያሳየውና ያላሳየው

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ተስፋ ሰጪ በመሆኑ፣ አንባቢው ባክቴሪያ ውሃን ሊተካ ይችላል ወደሚል ግምት እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለዚህ አንድ የታወቀ ሙከራ መጥቀስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ግሊክና የእስራኤል ባልደረቦቹ ከአራቫ በረሃ ደረቅ የወንዝ አልጋ የተገኘ ባክቴሪያ በቲማቲምና በቃሪያ ችግኞች ላይ ሞክረው ነበር። ባክቴሪያውን ያገኙት ችግኞች ካላገኙት የበለጠ ክብደት ነበራቸው። ነገር ግን ውሃ በተከለከሉበት ጊዜ ባክቴሪያ ያላቸውም የሌላቸውም በእኩል ደረጃ ውሃቸውን አጥተዋል። ልዩነቱ የታየው ውሃ እንደገና ሲሰጣቸው ነው፤ ባክቴሪያ ያላቸው በተሻለ ሁኔታ አገገሙ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ባክቴሪያ ዝናብ አያዘንብም፤ ተክሉ እስከ ቀጣዩ ዝናብ በሕይወት ከቆየ ግን ቶሎ እንዲያንሠራራ ሊረዳው ይችላል።

በመድኃኒት ዕፅዋት በኩል ካታራንተስ ሮዝየስ የተባለው፣ በብዙ ሞቃት አገሮች ለጌጥ የሚተከለው ተክል በሰፊው ተጠንቶአል። ይህ ተክል ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግሉት ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የሚገኙበት ነው። በህንድ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ውሃ ያነሳቸው የካታራንተስ ተክሎች ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ክብደታቸው ጨምሮአል፤ አጅማሊሲን የተባለው መድኃኒትነት ያለው ንጥረ ነገርም በዝቶ ተገኝቶአል። በአገር ውስጥም ከጤፍ ሥር ዙሪያ የተለዩ ባክቴሪያዎች ዕድገትን ለማፋጠንና ድርቅን ለመቋቋም ያላቸው ችሎታ በተመራማሪዎች ተፈትኖአል።

ይሁን እንጂ በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ከተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ በማሰሮ ወይም በመስተዋት ቤት የተደረጉ ናቸው። በማሰሮ ውስጥ አዲሱ ባክቴሪያ ተቀናቃኝ የለውም፤ በማሳ ላይ ግን ለዘመናት ከኖሩት ነባር ተሕዋስያን ጋር መታገል አለበት። ስለዚህ በአንድ አገር ወይም በአንድ አፈር የሠራ በሌላው ላይሠራ ይችላል። ከዚህም በላይ ሪዞቢየም ራሱ በድርቅ ይጎዳል፤ አፈር ሲደርቅ ቶሎ ከሚዳከሙት ሥራዎች አንዱ ናይትሮጅን መሰብሰብ ነው። ከደረቅ አፈር ላይ የተዘራ ባክቴሪያ እንደ ደረቅ ዘር ዝናብ ጠብቆ አይነሣም፤ ብዙው ይሞታል።

፭. የኢትዮጵያ ልምድና የአብሽ ምሳሌ

የሕዝብ ዕውቀት በሳይንስ ሲፈተሽ ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል እንዶድ ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለመግደል እንደሚችል ወደሚያሳይ ጥናት መርቶአል። እርሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ዛሬ የመዓዛማና የመድኃኒት ዕፅዋት ጥናት በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘር ሀብትን ለመጠበቅ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ድርጅት ደግሞ ከዘር ሌላ ረቂቅ ተሕዋስያንንም ይሰበስባል። ገበሬው በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የዘር እህሉን ለመብላት በተገደደ ጊዜ የነባር ዘሮች መሰብሰብና ወደ ገበሬው መመለስ ምን ያህል እንደጠቀመ ይታወሳል። የአፈርን ባክቴሪያ መጠበቅም የዚሁ ሥራ ቅጥያ ነው።

በሕያው ማዳበሪያ በኩል ኢትዮጵያ ያላት ልምድ በአብዛኛው በጥራጥሬ ላይ ነው። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የተለዩ የሪዞቢየም ዝርያዎች፣ በመናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የሚመረተውም ፓኬት፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተሠራበት ኤን ቱ አፍሪካ የተባለው ፕሮጀክት ባቄላን፣ ሽንብራን፣ ቦሎቄንና አኩሪ አተርን በመሳሰሉት ላይ ያተኮሩ ናቸው።

ከዚህ ልምድ ወደ መድኃኒት ዕፅዋት ለመሸጋገር ቅርቡ ድልድይ አብሽ ነው። አብሽ በአንድ ጊዜ ቅመም፣ መድኃኒትና ጥራጥሬ ነው። በሥሩም እንደ ባቄላ እብጠት ይሠራል። ነገር ግን ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሪዞቢየም ሁሉ ለጥራጥሬ ሁሉ አይስማማም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይጠቀማሉ፤ ሽንብራ የራሱ አለው፤ አኩሪ አተርም የራሱ አለው። አብሽ የሚስማማው አልፋልፋ ከተባለው የከብት መኖ ጋር የሚጋራው ወገን ነው። ስለዚህ ለባቄላ የተዘጋጀ ፓኬት ለአብሽ ቢላክ ሥራው በከንቱ ይቀራል፤ ገበሬውም «ባክቴሪያ የሚባለው ነገር አይሠራም» ብሎ ለሁልጊዜው ይደመድማል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአፈር አሲድነት ነው። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲድነት የተጠቃ እንደሆነ ይነገራል። ችግሩ ይበልጥ የሚታየው ዝናብ በሚበዛባቸው ምዕራባዊ አካባቢዎች፣ ማለትም ብዙዎቹ ሠፋሪዎች በተላኩባቸው ቦታዎች ነው። የአብሽ ባክቴሪያ ደግሞ ከሪዞቢየም ወገኖች መካከል አሲድን በጣም ከሚጠሉት አንዱ ነው። ከወሎ ወደ ወለጋ የሄደ የአብሽ ዘር ከበቀለ በኋላ ቢጫጭና ቢቀጭጭ፣ ጥፋቱ የዘሩ ወይም የሠፋሪው ስንፍና ተደርጎ ከመቆጠሩ በፊት አፈሩ ሊመረመር ይገባል። ኖራ ሳይጨመር ባክቴሪያ ብቻ ቢላክ ቤት ሳይሠሩ እንግዳ እንደ መጥራት ይቆጠራል።

፮. ሕያው ነገር እንደ እህል አይከማችም

የዕርዳታ ድርጅቶች ትልቁ ችሎታ ማከማቸትና ማጓጓዝ ነው። ሕያው ማዳበሪያን በተመለከተ ግን ይኸው ችሎታ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስንዴ ከነቀዝና ከርጥበት ከተጠበቀ በጎተራ ውስጥ ወራት ይቆያል። የባክቴሪያ ፓኬት ግን ቆርቆሮ ክዳን ባለው መጋዘን ከስንዴው ጋር ተደርድሮ ቢከርም፣ ወይም በጭነት መኪና ላይ ሸራ ለብሶ ወደ ቆላ ቢወርድ፣ በሙቀቱ ያልቃል። ፓኬቱ ሲታይ ግን አይበላሽም፤ አይሸትም፤ አይነቅዝም። የሞተውን ከደኅነኛው በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ በሰነድ ላይ «ደርሶአል» ተብሎ የተመዘገበው ጥቁር ዱቄት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም የመጋዘን ኃላፊዎችና የሥርጭት ሠራተኞች የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ ያስፈልጋል።

ሀ) ሕያው ማዳበሪያ ከእህል፣ ከኬሚካል ማዳበሪያና ከተባይ መድኃኒት ተለይቶ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ የሚቻል ከሆነም ክትባት በሚቀመጥበት ዓይነት ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ነገር ግን በረዶ እንዲሠራ አይደረግ።

ለ) የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን በገቢ ደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ቀኑ ያለፈበት እንደ ትርፍ ንብረት ለሌላ ጣቢያ አይተላለፍ።

ሐ) ጥያቄው ከዘር ወቅቱ ጋር ይያያዝ። ከወራት በፊት ብዙ አዝዞ ከማከማቸት ይልቅ ዝናቡ ሲቃረብ በቂውን ብቻ ማዘዝ ይሻላል።

መ) የተክሉ ስም በፓኬቱ ላይ በግልጽ ይነበብ። ስሙ ያልተጻፈበት አይሠራጭ።

፯. በጣቢያ ላይ የሚሠራው ሥራ

ለአብሽና ለሌሎች ጥራጥሬዎች የሚደረገው አሠራር ቀላል ነው። በተለመደው መጠን ለአንድ ሄክታር የሚበቃው 500 ግራም ያህል ነው። ዘሩ በጥላ ሥር በጥቂት ስኳር በተበጠበጠ ውሃ ይረጠባል፤ ከዚያም የባክቴሪያው ዱቄት ተጨምሮ እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር እስኪለብስ ድረስ በዝግታ ይለወሳል። በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ዘር አያገለግልም። የተለወሰው ዘር ጥቂት ጠፈፍ ካለ በኋላ በዚያው ቀን ርጥብ አፈር ላይ ተዘርቶ ወዲያው በአፈር ይሸፈናል፤ ፀሐይ የመታው ባክቴሪያ አይተርፍምና። የአብሽ ፍሬ ደቃቅ በመሆኑ በብዛት ውሃ እንዳይነከርና እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ውጤቱን ለማወቅ የማነጻጸሪያ መደብ የግድ ነው። በአንድ ዓይነት አፈር ላይ ሁለት መደቦች ይዘጋጁ፤ አንዱ በተለወሰ፣ ሌላው ባልተለወሰ ዘር ይዘራ። ባክቴሪያው በእጅ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ያልተለወሰው አስቀድሞ ይዘራ። ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ከሁለቱም ጥቂት ተክሎች በመቆፈሪያ በጥንቃቄ ይነሡና የሥሩ እብጠት በጥፍር ይሰንጠቅ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን የሚሰጠው ጥቅም የለም። ይህ ምርመራ ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም፤ ማንኛውም የልማት ሠራተኛና ማንኛዋም ገበሬ ሊያደርጉት ይችላሉ።

እንደ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝና ጥቁር አዝሙድ ላሉት ጥራጥሬ ላልሆኑ ዕፅዋት ግን ዋናው ሥራ በአፈሩ ያሉትን ነባር ባክቴሪያዎች መመገብና ከጥፋት መጠበቅ ነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግና ኮምፖስት ለባክቴሪያ ምግብም መጠለያም ነው። በተክሉ ሥር የሚነሰነስ የደረቀ ሣር ወይም ገለባ አፈሩን ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ርጥበቱንም ያቆየዋል። የሰብል ቅሪትን ማቃጠል፣ አፈሩን አራቁቶ መተውና ያለ መጠን መኮትኮት ደግሞ ያለውን ያጠፋሉ። ችግኝ ከጣቢያ ሲወጣ ሥሩ ተራግፎ ሳይሆን ከያዘው አፈር ጋር ቢተከል በሥሩ ዙሪያ ያሉት ረዳቶች አብረውት ይሄዳሉ።

ከቀድሞ መንደር አፈር አምጥቶ በአዲሱ ማሳ ላይ መበተን በአንዳንድ አገሮች ጥንት የተሠራበት ዘዴ ነው። ዛሬ ግን ይህ ከሩቅ ቦታ ሲሆን ሊበረታታ አይገባም። አፈሩ ከጠቃሚው ባክቴሪያ ጋር ሥር የሚያደርቅ በሽታ፣ የአረም ዘርና ትል ሊያመጣ ይችላል። አዲሱን ማሳ የበከለ በሽታ በቀላሉ አይወጣም።

፰. ለጤና ሠራተኞች የሚሰጥ ማሳሰቢያ

ድርቅ የመድኃኒት ተክልን ብዛት ሲቀንስ ኃይሉን ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ጥሙን ለመቋቋም የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች በአነስተኛው ቅጠል ውስጥ ሊከማቹ ይችላሉ። ባክቴሪያም፣ ከላይ በካታራንተስ እንደታየው፣ የንጥረ ነገሩን መጠን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ አንዲት እናት በደኅናው ዘመን በልምድ የምትለካው እፍኝ ቅጠል በድርቅ ጊዜ ያው መድኃኒት ላይሆን ይችላል። ይህ በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሰዎች ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የጓሮ መድኃኒት መኖሩ የጤና ጣቢያን አስፈላጊነት አይቀንሰውም። በከባድ ተቅማጥና በወባ የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

፱. ማጠቃለያ

ከዚህ ትምህርት ሊያዝ የሚገባው ዋና ነገር የሚከተለው ነው። ጠቃሚ የአፈር ባክቴሪያዎች የመድኃኒት ተክልን ሥር ያበዛሉ፣ ጭንቀቱን ያለዝባሉ፣ ርጥበት ያቆዩለታል፣ ከድርቅ በኋላም እንዲያገግም ይረዱታል። ነገር ግን ውሃን አይተኩም፤ ከማይስማሙት ተክል ጋር አይሠሩም፤ አሲድ በበዛበት አፈር ይዳከማሉ፤ በጋለ መጋዘን ውስጥም ሳይታወቁ ያልቃሉ። ስለሆነም በመጀመሪያ አፈሩን መንከባከብ፣ ቀጥሎ ለጥራጥሬው ትክክለኛውን ዓይነት በትክክለኛው ጊዜ ማድረስ፣ ከዚያም በሁለት መደቦች አነጻጽሮ ያዩትን መመዝገብ ይገባል። የተፈናቀለ ሰው ጤና የሚመለሰው በሚታደለው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ከጓሮው ቆርጦ ለልጁ የሚሰጠው ቅጠል እንደገና ሲበቅልም ነው። ይህንንም ለማየት ከጓሮው በታች ያለውን አፈር እንደ ሕያው ንብረት ቆጥሮ በጉዳትም በማቋቋምም መዝገብ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጣቢያችሁ ባለው ሕዝብ ዘንድ በብዛት የሚፈለጉት የመድኃኒት ዕፅዋት የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱስ ጥራጥሬ የሆነው የትኛው ነው?

2. ለባቄላ የተዘጋጀ ሕያው ማዳበሪያ ለአብሽ የማያገለግለው ለምንድን ነው?

3. በመጋዘናችሁ የቀኑ ሙቀት ከፍ በሚልበት ሰዓት ሕያው ማዳበሪያን የት ማቆየት ይቻላል? ከመጋዘኑ እስከ ማሳው ድረስስ በማን ኃላፊነት ይጓዛል?

4. ሠፋሪዎች ይዘዋቸው የመጡት የመድኃኒት ዘሮች በአዲሱ አፈር ላይ ደካማ ሆነው ቢታዩ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ምንድን ነው?